ቁማርና አስማት በሃይማኖት ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ቁማርና አስማትን ምን አገናኛቸው?

ዕቃው ነው ያገናኛቸው። ጥንት ዕጣ የሚጣልበት ቀስት፣ አጥንት ወይም ጠጠር ለሁለት ሥራ ይውል ነበር። ጠዋት ጠንቋይ ዘንድ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ተብሎ ይጠየቅበታል። ማታ በዚያው ዓይነት ዕቃ ገንዘብ ይበላበታል። በእኛም አገር «ጠጠር ጣይ» የሚባለው ሟርተኛ የሚጥለው ጠጠርና ልጆች ገበጣ የሚጫወቱበት ጠጠር ከአንድ ወንዝ ዳር ሊለቀም ይችላል።

የሃይማኖት አባቶችን ያስቆጣቸው እንግዲህ የገንዘቡ መጥፋት ብቻ አልነበረም። ሰው ዕጣ ሲጥል መልስ የሚጠብቀው ከማን ነው? ከእግዚአብሔር ከሆነ፣ ለአንድ ብርሌ ጠጅ ሲል ፈጣሪን እየነዘነዘ ነው። ከሌላ መንፈስ ከሆነ ደግሞ ጣዖት እያመለከ ነው። በየትም ቢዞር መውጫ የለውም።

ዳይስ መጀመሪያ የጥንቆላ ዕቃ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ጨዋታውና ጥንቆላው ጎን ለጎን ነው የኖሩት። ግሪኮች የበግና የፍየል ቁርጭምጭሚት አጥንት እየወረወሩ ይጫወቱ ነበር። ያው አጥንት ቤተ ጣዖት ውስጥም አለ። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ተጓዥ ፓውሳኒያስ፣ ቡራ በምትባል ከተማ አጠገብ ያየውን የሄራክልስ ዋሻ ይገልጻል። ጠያቂው ምስሉ ፊት ቆሞ ይጸልያል። እዚያ ከተከመሩት አጥንቶች አራቱን አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይጥላል። እያንዳንዱ አጣጣል ምን ማለት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ቄስም አስተርጓሚም አያስፈልግ፤ ራስህን በራስህ አስተናግድ ነው።

ሮማውያኑም ያው ናቸው። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ እንደጻፈው ጢባርዮስ ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይሆን ፓዱዋ አጠገብ ወደሚገኝ የጥንቆላ ቦታ ጎራ ብሎ ነበር። የወጣለት ዕጣ «የወርቅ ዳይስ ከአፖኑስ ምንጭ ጣል» አለው። ጣለ፤ ትልቁ ቁጥርም ወጣለት። ስዌቶኒየስ ዳይሶቹ እስከ እሱ ዘመን ድረስ ውኃው ሥር ይታዩ እንደነበር ይናገራል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ በመዘገበው የግብፆች ተረት ላይ፣ የሰማይዋ አምላክ በየትኛውም ወርና ዓመት እንዳትወልድ በፀሐይ ተረግማ ነበር። የጥበብ አምላክ ከጨረቃ ጋር የገበታ ጨዋታ ተጫውቶ ከብርሃኗ ሰባኛውን እጅ በላት። ከዚያም አምስት ቀን ሠርቶ በዓመቱ 360 ቀናት ላይ ጨመረ፤ የሰማይዋ አምላክም በእነዚያ ቀናት ወለደች። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሥሩ ከግብፅ ነው። በዚህ ተረት ከሄድን ጳጉሜን የቁማር ትርፍ ናት ማለት ነው።

ቁርዓን ቁማርን ከጣዖትና ከዕጣ ቀስት ጋር አንድ ላይ የጠራው ለምንድን ነው?

የአል-ማኢዳ ምዕራፍ አንቀጽ 90 አስካሪ መጠጥን፣ ቁማርን፣ ጣዖታትንና አዝላምን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል፤ ሁሉንም ከሰይጣን ሥራ የሆኑ ርኩሰቶች ይላቸዋል። አዝላም የጥንቆላ ቀስቶች ናቸው። ከእስልምና በፊት የመካ ሰው ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው ካዕባ ውስጥ ወደነበረው ሁበል ወደሚባለው ጣዖት ይሄድ ነበር። የነቢዩን ታሪክ የጻፈው ኢብን ኢስሐቅ እንደሚተርከው ሁበል ፊት ሰባት ቀስቶች ነበሩ። ዋጋውም የዋዛ አልነበረም፤ ለቀስት ጣዩ 100 ዲርሃምና አንድ የሚታረድ ግመል ይሰጠዋል።

ትልቁ ምሳሌ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰብ ነው። አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ዐሥር ወንዶች ልጆች ካደጉለት አንዱን ሊሠዋ ተስሎ ነበር። ቀስቱ ሲጣል በዐብደላህ ላይ ወጣ። አንዲት ጠንቋይ «በልጁና በዐሥር ግመሎች መካከል ጣሉ፤ በልጁ ላይ ከወጣ ዐሥር እየጨመራችሁ ቀጥሉ» አለች። ግመሎቹ 100 እስኪሞሉ ቀስቱ እየደጋገመ በልጁ ላይ ወጣ። ያ የተረፈው ልጅ የነቢዩ አባት ነው። በ630 መካ ስትከፈት ነቢዩ ካዕባ ውስጥ ኢብራሂምና ኢስማዒል አዝላም ይዘው የተሣሉበትን ምስል አዩ። ሁለቱ በቀስት ጠንቁለው እንደማያውቁ ተናግረው ምስሉ እንዲወገድ አዘዙ። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግቦታል።

ቁማሩ ታዲያ የት ገባ? የዘመኑ ትልቅ ቁማር ማይሲርም የሚሠራው በቀስት ነበር። የመካ ሰው ጣዖቱን የሚጠይቅበትም፣ ሥጋ የሚቆምርበትም ዕቃ ያው ነው። አንዱን ከልክሎ ሌላውን መተው በሩን በርግዶ መስኮቱን እንደ መዝጋት በሆነ ነበር።

ማይሲር ድሃ የሚበላበት ጨዋታ ከነበረ ክፋቱ ምን ላይ ነው?

እውነት ነው፣ ድሃ ይበላበት ነበር። ግመል በዱቤ ይገዛና ይታረዳል። ዐሥር ቀስቶች ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፤ ሰባቱ ከአንድ እስከ ሰባት የሚደርስ ድርሻ አላቸው፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ የወጣበት የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። ያሸነፈው ሥጋውን ለችግረኛ መስጠት ክብሩ ነበር፤ ገጣሚዎችም ያወድሱታል። በክረምት፣ በችጋር ጊዜ፣ ከረጢቱን የሚሸሽ ባለጸጋ ቋጣሪ ተብሎ ይሰደብ ነበር።

ቁርዓን ይህን አልካደም። አል-በቀራ 219 ላይ በመጠጥና በቁማር ለሰዎች ጥቅም እንዳለ ይናገራል፤ ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው ይበልጣል ይላል። ይህ አንቀጽ የሚገርመኝ ለዚህ ነው። «ለበጎ አድራጎት ነው» የሚለውን የዛሬውን የሎተሪ ማስታወቂያ 1,400 ዓመት ቀድሞ መልሶለታል። በቀስቱ ምትክ ደግሞ ለሙስሊሙ ኢስቲኻራ ተሰጠው፤ ሁለት ረከዓ ሰግዶ «የሚበጀኝን አንተ ምረጥልኝ» ብሎ አላህን በቀጥታ ይለምናል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዕጣ ተጥሎ የለም እንዴ? ታዲያ ቁማር ለምን ተኮነነ?

ተጥሏል፣ ያውም ደጋግሞ። አሮን በሁለቱ ፍየሎች ላይ ዕጣ ይጥላል። ኢያሱ ምድሩን ለነገዶች በዕጣ ያካፍላል። ሳኦል በዕጣ ተለይቶ ይነግሣል፣ ዮናስ በዕጣ ተለይቶ ባሕር ይጣላል። በይሁዳ ቦታ ማትያስ የተተካው በዕጣ ነው። ምሳሌ 16፥33 ደግሞ ዕጣው በጉያ ቢጣልም ውሳኔው ከእግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል።

ልዩነቱ ያለው ማን ይጠየቃል የሚለው ላይ ነው። ሕዝቅኤል 21 ላይ የባቢሎን ንጉሥ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ቀስት ይወዘውዛል፣ ጣዖት ይጠይቃል፣ የእርድ ጉበት ይመለከታል። እኛ አገር ሞራ ገላጭ የሚባለው የሥራ ባልደረባው መሆኑ ነው። ሐማም አይሁድን የሚያጠፋበትን ቀን የመረጠው ፉር፣ ማለትም ዕጣ፣ ጥሎ ነው፤ የፉሪም በዓል የመጣው ከዚያ ነው። ኢሳይያስ 65፥11 ደግሞ ለዕድል አማልክት ማዕድ የሚያሰናዱትን ይገሥጻል።

ኋላ የመጡ ሰባኪዎች ግን ከሁሉ አብልጠው የያዙት የመስቀሉን ሥር ነው። ወታደሮቹ እጀ ጠባቡን ላለመቅደድ ዕጣ ተጣጣሉበት። ለሰባኪው ከዚህ በላይ ምን ይምጣለት? ዳይስ የያዘ ሰው ሁሉ ከእነዚያ ወታደሮች ጋር ተቀምጧል ብሎ ሕዝቡን ማስደንገጥ ቀላል ነበር።

የአይሁድ ሊቃውንትስ እንደዚሁ ያስቡ ነበር?

እነሱ ነገሩን ያዩት በሌላ በኩል ነው። ሚሽና የሚባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ ሳንሄድሪን 3፥3 ላይ፣ ዳይስ ተጫዋችንና እርግብ አወዳዳሪን ከአራጣ አበዳሪ ጋር ደምሮ ለምስክርነት አይበቃም ይላል። ሚሽናን የሚተነትነው ታልሙድ ምክንያቱን ሲያብራራ አስማት አያነሣም። አንዱ ወገን ተሸናፊው ገንዘቡን ከልቡ ስላልሰጠ ነገሩ ወደ ስርቆት ይጠጋል ይላል። ሌላው ወገን ሰውየው ለዓለም የሚጠቅም ሥራ የለውም ይላል።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ቆማሪን ጣዖት አምላኪ ብላዋለች?

አዎ፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ከቅዱስ ቆጵርያኖስ ጽሑፎች ጋር ተቀላቅሎ የደረሰን፣ እሱ ግን ያልጻፈው፣ አንድ የላቲን ስብከት አለ። ርዕሱ ስለ ዳይስ ተጫዋቾች ነው። ሰባኪው የዳይስ ገበታ የዲያብሎስ ወጥመድ ነው ይላል። ጨዋታውን የፈለሰፈው አንድ የተማረ ሰው ነው፤ ሰይጣን አስተማረው፤ እሱም የራሱን ምስል ቀርፆ እንዲመለክ አደረገ፤ የሚጫወት ሁሉ መጀመሪያ ለእሱ ይሠዋል። ስለዚህ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ የምጫወተው ለጨዋታ ነው» የሚል ሰው በሰባኪው ዓይን በጣዖት መሠዊያ ላይ እጁን ዘርግቷል።

ይህ የአንድ ቁጡ ሰው አስተያየት ብቻ አልነበረም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ስፔን ውስጥ በኤልቪራ የተሰበሰቡ ጳጳሳት በቀኖና 79 በገንዘብ ዳይስ የሚጫወት ምእመን ከቍርባን እንዲከለከል ወሰኑ። ከተወ ከአንድ ዓመት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ጉባኤው ስለ አስማት አያብራራም። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በዚያ ዘመን የሮማ ጨዋታ አማልክትን ሳይጠሩ የሚጣልበት እንዳልነበረ ያስታውሳሉ፤ ምርጡ አጣጣል እንኳ ስሙ ቬኑስ ነበር። የሐዋርያት ቀኖና የሚባለው ስብስብም ዳይስ የለመደ ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ይተው፣ እምቢ ካለ ይሻር ይላል። ይህ ስብስብ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ሲኖዶስ በሚባለው የግእዝ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ካህናቱ ራሳቸው ዕጣ ይጥሉ አልነበረም?

ይጥሉ ነበር፤ ጉባኤዎቹም ደጋግመው የከለከሉት ስላልቀረ ነው። በ506 አግድ፣ በ511 ኦርሌአን ላይ የተሰበሰቡት የጎል (የዛሬዋ ፈረንሳይ) ጳጳሳት «የቅዱሳን ዕጣ» እያሉ የሚጠነቁሉ ካህናትን አወገዙ። መጽሐፍ ገልጦ መጀመሪያ ዓይን ያረፈበትን ቃል እንደ ትንቢት መውሰድ አንዱ መንገድ ነበር። አውደ ነገሥት የሚገልጥ ደብተራ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። በዚያው ስም የሚጠራ የዳይስ መጽሐፍም ነበር። ሦስት ዳይስ ሲጣል ቅደም ተከተሉን ትተን 56 ዓይነት ውጤት አለው፤ መጽሐፉም 56 መልስ አለው።

እዚህ ላይ ነው በጣም የምወደው ሰውዬ ብቅ የሚለው። በ965 ገደማ የካምብሬ ጳጳስ የነበረው ዊቦልድ ካህናቱን ከዳይስ ማላቀቅ ሲያቅተው ራሱ ጨዋታ ፈጠረ። 56ቱን ውጤቶች ለ56 በጎ ምግባራት አደላቸው፤ ፍቅር፣ እምነት፣ ተስፋ እያለ ይወርዳል። የወጣለት ካህን ያንን ምግባር ይዞ ይሄዳል። ካህናቱ ስንቱን ምሽት እንደታገሡት ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

ካርታ «የሰይጣን መጽሐፍ» ነው ሲባል እሰማለሁ። ከየት መጣ?

ካርታ አውሮፓ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ፍሎረንስ በ1377 አዲሱን ጨዋታ የሚከለክል ደንብ አወጣች። ነገሩን ያጋጋለው የሲዬናው በርናርዲኖ ነው። ይህ ፍራንሲስካዊ ሰባኪ ቁማርን የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ይስለው ነበር፤ የራሱ ቅዳሴና የራሱ መጽሐፍ ያለው። በ1423 ቦሎኛ ላይ ሲሰብክ ሕዝቡ ካርታና ዳይሱን አምጥቶ አቃጠለ ይባላል። ካርታ እየሣለ የሚኖር አንድ ሠዓሊ «እንጀራዬን ዘጋህብኝ» ብሎ አለቀሰ። በርናርዲኖም በፀሐይ ጨረር የተከበበ የኢየሱስን ስም ሥሎ «ይህን ሥራና ሽጥ» አለው።

ጥንቆላው ግን በካርታ ላይ የመጣው በኋላ ነው። ታሮት የሚባለው ካርታ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢጣሊያ ውስጥ ሲሠራ ተራ የመጫወቻ ካርታ ነበር። የጥንት ግብፆች ምሥጢር ነው የሚለው ወሬ የተነዛው በ1781 ፓሪስ ላይ ኩር ደ ዤብላን በጻፈው ነው። ማስረጃ አልነበረውም፤ የግብፅ ጽሕፈት ገና አልተነበበም ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ ቁማሩ ቀድሞ አስማቱ ተከተለ።

ቆማሪዎቹስ? እውነት አስማት ይሠሩ ነበር?

በደንብ አድርገው። የሕንዶቹ ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ አታርቫ ቬዳ ዳይስ ላይ ለማሸነፍ የሚደገሙ ድግሞችን ይዟል፤ ዳይስ የሚወዱ ሰማያዊ ሴቶች እንዲረዱ ይጠራሉ። እዚያው አገር ሪግ ቬዳ 10፥34 ደግሞ የተበላ ቆማሪ ለቅሶ ነው። ሚስቱ ጠልታዋለች፣ አማቱ አታየውም፣ እሱ ግን የዳይሱ ድምፅ ሲጠራው እግሩን መያዝ አቅቶታል። ገጣሚው ዳይሶቹን አስማተኛ አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ እጅ የላቸውም፣ እጅ ያለውን ግን ይረታሉ።

በክርስቲያኑ አውሮፓ ሌላው ክስ ስድብ ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቪሊሳው በምትባል ከተማ ስለ 1392 የሚተረክ ታሪክ አለ። የተበላ ቆማሪ ተናዶ ጩቤውን ወደ ሰማይ ወረወረ፤ አምስት የደም ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ሰውየውን ሰይጣን ወሰደው። ተረቱ ተረት ነው፣ በስሙ የተሠራው ጸሎት ቤት ግን አለ። አስማቱም ቢሆን ከቆማሪ ቤት አልወጣም። ዛሬም ቤቲንግ ቤት ገብታችሁ ብታዩ «ይቺን ወንበር አልለቅም፣ ገዳም ናት» የሚል አይጠፋም።

ዕጣ የእግዚአብሔር ውሳኔ ከሆነ ዳይስ መጫወት ስሙን በከንቱ መጥራት አይሆንም?

ፒዩሪታኖች የሚባሉት የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ልክ እንደዚህ ነው ያሉት። ጄምስ ባምፎርድ በ1593 ካርታ መጫወትን በመቃወም ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የተከራከረው እንዲህ ነው፦ ዕጣ ፈጣሪ እንዲፈርድ መጥራት ነው፤ ለጨዋታ መጥራት ድፍረት ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ አካሄድ ያለ ገንዘብ መጫወትም ኃጢአት ነው። ቼዝ ግን በችሎታ ስለሚሸነፍ ያመልጣል። ክርክሩ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ የቦስተኑ ኢንክሪስ ማዘርም ይዞት ነበር።

ሌላው ሰባኪ ቶማስ ጋታከር በ1619 ነገሩን ገለበጠው። እግዚአብሔር ዳይሱን የሚመራው ዝናቡንና ነፋሱን እንደሚመራው ነው፤ በዳይስ የተለየ መልእክት አይልክም አለ። ይላካል ብሎ የሚያምን ነው ወደ ጥንቆላ የተጠጋው። ስለዚህ ዕጣ ጥሎ ምክር መጠየቅ ክልክል፣ በልክ መጫወት ግን ይቻላል። የቁማር ጠበቃ ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ለእኔ ግን ከሁለቱ የተሻለ ያሰበው እሱ ነው፤ አስማቱን ከዳይሱ ውስጥ ነቅሎ አወጣው።

እቁብና የኮንዶሚኒየም ዕጣስ ከየት ይመደባሉ?

የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዕጣን በሦስት ከፍሎታል። ማን ምን ይውሰድ የሚለውን የሚወስን፣ ምን ላድርግ ተብሎ የሚጣል፣ ወደፊት ምን ይመጣል ተብሎ የሚጣል። የመጨረሻው ጥንቆላ ነው። የመጀመሪያው ሰዎች በሌላ መንገድ መስማማት ሲያቅታቸው ይፈቀዳል። የእቁብ ዳኛ ስም ጽፎ ጠቅልሎ ሲያስወጣ የሚሆነው ይኸው ነው። የማንም መዋጮ አይበላም፤ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። የኮንዶሚኒየሙም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሎተሪና ቤቲንግ ግን አንዱ እንዲያገኝ ሌላው መበላት አለበት።

መሐከለኛው ነው የሚያስቸግረው። አኲናስ ለቤተ ክርስቲያን ሹመት ዕጣ አይጣል ይላል። ማትያስስ? የተመረጠው መንፈስ ቅዱስ ከመውረዱ በፊት ነው ብሎ ያልፋል። የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ግን በዚህ አትስማማም። በኖቬምበር 2012 ካይሮ በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል የሦስት እጩዎች ስም ተጽፎ በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ገባ። ቅዳሴ ተቀደሰ። ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን እጁን ሰድዶ አንዱን አወጣ፤ አቡነ ታዋድሮስ ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆኑ።

አስማቱ ከወጣለት ቁማር ታዲያ ይፈቀዳል?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት «አዎ» መባልን ነው። በ1654 የፈረንሳይ ሒሳብ ሊቃውንቱ ፓስካልና ፌርማ በደብዳቤ የዳይስን ዕድል በሒሳብ ካሰሉ ወዲህ፣ ዳይስ ላይ መንፈስ አለ ብሎ መከራከር ከብዷል። ከዚያ በፊትም ጣሊያናዊው ካርዳኖ ሞክሮት ነበር፤ እሱ ግን ቆማሪም፣ ሒሳብ አዋቂም፣ ኮከብ ቆጣሪም ነበር።

ይሁን እንጂ ከአስማቱ ጋር ያልተያያዙት ምክንያቶች እንዳሉ ናቸው። አል-ማኢዳ ከአንቀጽ 90 ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ጣዖትም ቀስትም አያነሣም፤ ሰይጣን በመጠጥና በቁማር በመካከላችሁ ጠብና ጥላቻ ሊጥል፣ ከጸሎትም ሊያዘናጋችሁ ይፈልጋል ነው የሚለው። የታልሙዱም ክርክር ገንዘብህን ከልብህ ሰጥተሃል ወይ የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ስልክ ላይ ለሚቆረጥ የውርርድ ትኬት ሳይቀየሩ ይሠራሉ።